ምን ምን ይላል?

መምህሩ ሐብሐብ ሐብሐብ እያለ ዘጠነኛ «ለ» ክፍል የገባው በአንድ ሰኞ ጠዋት ነው። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ ከሳሙና በቀር ሽታ ያለው ነገር ገላውን ነክቶ አያውቅም። የሠርጉ ዕለት እንኳ ሚዜዎቹ ሽቶ ሊረጩበት ሲሉ እጃቸውን ይዞ «እኔ አበባ ነኝ እንዴ?» ብሎ ያስቀረ ሰው ነው። አሁን ግን በሁለቱም ክንዶቹ እጥፋት ላይ ሁለት ሁለት ጠብታ፣ ከጆሮው ሥር ደግሞ አንድ ጠብታ ተደርጎለት፣ እጅጌውን እስከ አንጓው ቆልፎ፣ ሰሌዳ ፊት ቆሞ ስለ ማዕዘን ያስተምራል። ጠመኔውን ይዞ ክንዱን ባነሳ ቁጥር ሐብሐቡ ከእጅጌው ሾልኮ ይወጣል። ፊት ወንበር ላይ ያሉት ተማሪዎች ተያዩ፤ አንዷ ደብተሯን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። እሱ ሰዓቱን አየና ከደረት ኪሱ ትንሽ ማስታወሻ አውጥቶ «ሁለት ከሃያ፤ ብርቱ» ብሎ ጻፈ።

ይህን ሁሉ ያመጣው የሚስቱ አፍንጫ ነው።

ሚስቱ የዘይት ሽቶ ቀማሚ ናት። ከወጥ ቤቱ ጎን፣ ድሮ ዕቃ ማከማቻ በነበረች ጠባብ ክፍል ውስጥ ብልቃጦቿን በመደርደሪያ ላይ ደርድራ፣ ከመስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ላይ በጠብታ ትቀምማለች። በየወቅቱ አንድ ሽቶ ታወጣለች፤ ለሙቀቱ ሐብሐብ ከሎሚ ጋር፣ ለብርዱ ብርቱካን ከቅርንፉድ ጋር፣ አበባው ሲፈነዳ እንጆሪ፣ ዝናቡ ሲገባ ደግሞ ኮክ። አልኮል አታስገባም። «አልኮል ይጮኻል፣ ዘይት ያወራል» ትላለች። ብልቃጦቹ የሚሸጡት በታላቅ እህቷ የመዋቢያ ዕቃ ሱቅ ነው። ደንበኞቹ ሁሉንም ይወዳሉ፤ ኮኩን ግን ገና ሰማዩ ሳይጠቁር ጀምረው «መጣ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ።

ባለፈው የብርድ ወቅት ጉንፋን ያዛት። ከማንም ጉንፋን የማይለይ ተራ ጉንፋን ነበር። ሳምንት ተኛች፣ ትኩሳቱ ለቀቃት፣ ሳሉ ለቀቃት፣ ተነሣች። ማሽተት ግን ሄዶ ቀረ። ሐኪሙ በባትሪ እያበራ አፍንጫዋን አይቶ፣ ብዙ ጠይቆ፣ በመጨረሻ «ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል፤ መጠበቅ ነው» አላት። የሒሳብ መምህር ሚስት አይደለች? ገና ከሐኪሙ ክፍል እንደወጡ «ስንት ከመቶ ማለቱ ነው?» ብላ ባሏን ጠየቀችው። ሃያ ዓመት ዕድልን በቁጥር ሲያስተምር የኖረው ሰውዬ የታክሲ ሳንቲም መቁጠር ጀመረ።

አምስት ወር ጠበቀች፤ የሙቀቱን ወቅት ከአምና በተረፈው ሐብሐብ አሳለፈችው። ጠዋት ጠዋት የሎሚውን ብልቃጥ ትከፍታለች፣ ታሸታለች፣ ትዘጋለች፣ ወደ ቤት ሥራዋ ትሄዳለች። ስለ ነገሩ አታወራም፤ እሱም አይጠይቅም። እሱ እንደሆነ ዝም አይነቅዝም ከሚሉት ወገን ነው። አንድ ቅዳሜ ግን ከገበያ ሲመለስ ቤቱን ያረረ ወተት ሽታ ሞልቶት ደረሰ። ወተቱ ገንፍሎ፣ አርሮ፣ ድስቱ ከሰል መስሎ፣ እሷ ጀርባዋን ለምድጃው ሰጥታ በእርጋታ ሽንኩርት ትከትፋለች። ምድጃውን ሮጦ ሲያጠፋ ነው ዘወር ያለችው። ድስቱን አየችና ቢላዋዋን አስቀምጣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ዘንድሮ ኮኩን ካላደረስኩ በቃኝ» አለች። «አንድ ወቅት ካለፈኝ ያንን በር ሁለተኛ አልከፍተውም። ራሴን አውቃታለሁ።»

እሱም ያውቃታል። ያለዚያች ክፍል ሚስቱ ምን እንደምትሆን ማሰብ አልፈለገም። አጠገቧ ቁጢጥ አለና በሕይወቱ ተናግሮት የማያውቀውን ዓይነት ነገር ተናገረ። «የእኔን አፍንጫ ውሰጂ።»

አየችው። ትልቅ አፍንጫ ነው፤ በዚህ በኩል ማንም አይከሰውም። «የቸገረው እርጉዝ ያገባል አሉ» አለች፤ ፈገግ ለማለት ሞክራ።

መጀመሪያ በምታውቃቸው ሽቶዎች ልትፈትነው ተስማሙ። ሐብሐቡ ምን እንደሚል፣ ብርቱካኑ ምን እንደሚል እሷ በልቧ ታውቀዋለች፤ የእሱ አፍንጫ ልክ ይናገር እንደሆን ከዚያ ይለያል። ሰኞና ሐሙስ ብቻ እንዲቀባ፣ እንዳያሻሸው፣ እንዳይታጠበው፣ በየክፍለ ጊዜው መጨረሻ የተሰማውን እንዲጽፍ አዘዘችው። እንደ ትምህርት ቤት ደወል ያለ ሰዓት ጠባቂ ቀማሚ ከየት ታገኛለች?

የመጀመሪያው ቀን ማታ ራት ላይ ማስታወሻውን ከፍቶ «ስምንት ከአስር» አላት።

«ፈተና አርም አልኩህ እንዴ? ምን ምን ይላል ነው ያልኩህ።»

«ሐብሐብ ሐብሐብ ይላል።»

«እሱንማ ብልቃጡ ላይ ጽፌዋለሁ። ሌላስ?»

መምህሩ ግንባሩን ቋጠረ። ላቡ ጠብ እስኪል አሰበ። «ኮሪደር» አለ በመጨረሻ። «አሁን የተወለወለ፣ ገና ያልደረቀ፣ ሰው ያልረገጠው። ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ሎሚው ሄደ። አምስተኛው ላይ ደግሞ… ከቀዩ በታች ያለው ነጩ ነገር አለ አይደል? ሲግጡት ውኃ ውኃ የሚለው? እሱን እሱን አለ።»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «እንደሱ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ልክ እንደሱ ነው የሚያልቀው።»

ከዚያ ወዲህ ሰውዬው ምላሱ ተፈታ። ብርቱካኑንና ቅርንፉዱን «ጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተቀምጦ ብርቱካን የሚልጥ ሰው» ብሎ ሲገልጸው ሚስቱ ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እንጆሪውን «ላጲስ፤ ያ ተማሪዎች እየነከሱ የሚጨርሱት የሚሸት ላጲስ» ሲለው ግን ተቀየመች፤ ሁለት ቀን ሻዩን አጠገቡ ዱብ እያደረገች ነበር የምታቀርብለት። በሦስተኛው ቀን «ቫኒላው በዝቶ ነው፣ እውነትህን ነው» ብላ ራሷ ታረቀችው። መምህሩም ነገሩ ሳይታወቀው ጣመው። የመምህራን ስብሰባ ሲረዝም ክንዱን ዴስኩ ላይ አጥፎ አገጩን ያሳርፍበታል፤ ሌላው የተኛ ይመስለዋል እንጂ እሱ ከሚስቱ ጋር ነው።

ደመናው መሰብሰብ ሲጀምር ወደ ኮኩ ገቡ።

ይህ አዲስ ቅመማ ነው። የአምናው ዘይት አልቆ ከሌላ ቦታ የመጣ ስለሆነ እንደ አዲስ መመዘን አለበት፤ ስንት ጠብታ እንደሚበቃው የምታውቀው በማሽተት ብቻ ነበር። አሁን ያላት የባሏ ቃል ነው። የመጀመሪያው ሳምንት ቃል ደግሞ ጥሩ ነበር። «አንደኛ ክፍለ ጊዜ፤ ልጣጩ፣ ጠጉራም፣ ከንፈር የሚኮሰኩሰው። ሦስተኛ፤ ጭማቂው በክርን ሲወርድ። አምስተኛ፤ ፍሬው፣ መራራ፣ ተመጥምጦ የተጣለ» ብሎ ጽፎ አመጣላት። ሦስት ጊዜ አነበበችው። «ቀርቧል» አለች፤ «ትንሽ ነው የቀረው።» ፊቷ ላይ ያየው ብርሃን ግን ሰውዬውን አሳሳተው።

መምህር ነዋ። በሕይወቱ የሚያምነው አንድ ነገር ቢኖር ልምምድ ነው፤ ያልገባህን ደጋግመህ ሥራው፣ ይገባሃል። ሰኞና ሐሙስ ብቻ መቀባቱ እንደ ስንፍና ታየው። ዝናቡ እየመጣ፣ እሷ እየተጣደፈች፣ እሱ ሦስትና አራት ቀን እጁን አጣጥፎ ሊቀመጥ ነው? አንዲት ብልቃጥ በኪሱ ይዞ ሳይነግራት በየቀኑ መቀባት ጀመረ። ማክሰኞም፣ ዓርብም፣ እሑድም ጭምር። ሚስቱ ሰኞና ሐሙስ ያለችው አፍንጫ ቶሎ የሚለምድ ፍጥረት ስለሆነ ነው፤ ዓሣ ሻጭ ዓሣው አይሸተውም። ራሷም ስትሠራ ሁልጊዜ ቀን እያሳለፈች ነበር። ለምን እንደሆነ ግን አልነገረችውም፤ ለእሷ እንደ መተንፈስ የታወቀ ነገር ስለሆነ መንገር እንዳለባት ትዝም አላላት።

በሁለተኛው ሳምንት ሰኞ «ሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ጠፋ» ብሎ መጣ። ሁለት ጠብታ ጨመረች። ሐሙስ ዕለት ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ጠፋ። ሦስት ጨመረች። በሚቀጥለው ሰኞ መንገድ ላይ ጠፋ። «የዘንድሮው ዘይት ደካማ ነው ማለት ነው» አለችና ከንፈሯን ነክሳ ጠብታ መቁጠሩን ትታ በማንኪያ ጫፍ ጨመረች።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ አፍንጫም ከዚያው ቤት ሳይሆን አይቀርም። መምህሩ ኮሪደሩ ላይ ብቅ ሲል ተማሪዎች «ጭማቂ ቤቱ ተከፈተ» ይባባላሉ፤ እሱ አልሰማም። ዘጠነኛ «ለ» ክፍል በዚያ ብርድ ሁሉም መስኮቶች ወለል ብለው ተከፍተው ይጠብቁታል፤ ልጆቹ ንጹሕ አየር መውደዳቸው ደስ አለው። የጂኦግራፊ አስተማሪዋ ወንበሯን ከእሱ አጠገብ ወደ በሩ ወሰደች፤ ብርሃን ፈልጋ ነው አለ። የሚያስነጥሰውን ሁሉ «የወቅቱ ጉንፋን» ብሎ አለፈው። ለሁሉም ምክንያት ነበረው፤ የተማረ ሰው ምክንያት አያጣም።

አንድ ቀን ጠዋት ቤቱ ቆሞ፣ ገና እንደተቀባ፣ ክንዱን አፍንጫው ላይ ለጥፎ ሳበ። ምንም የለም። ደግሞ ሳበ። ውኃ እንደተቀባ ያህል ነው። ይህን ለሚስቱ እንዴት ይነግራታል? እሷ በዚያች ሰዓት ክፍሏ ውስጥ ሆና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ እያንጎራጎረች ባዶ ብልቃጥ በፎጣ ትወለውላለች። ስታንጎራጉር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማት ከጉንፋኑ በፊት ነበር። «አልሸተተኝም» ቢል ይህ ሁሉ ይቆማል። «ዛሬም እጽፍልሻለሁ» ብሏት ወጣ። በዕረፍት ሰዓት የመምህራን ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጦ የመጀመሪያውን ሳምንት ገጽ ገለጠና ልጣጩን፣ ጭማቂውን፣ ፍሬውን አንድ በአንድ ወደ አዲሱ ገጽ ገለበጠ። ሃያ ዓመት ኮራጅ ሲያድን የኖረ ሰው ከገዛ ራሱ ኮረጀ።

ማታ ስታነበው ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ደረሰ» አለች። «ተመለሰ። ኮኩ ይኸው ነው።»

በማግስቱ አርባ ብልቃጥ ሞላች፤ እያንዳንዱን በገዛ እጇ አሸገች፤ ዝናቡ በጀመረ ዕለት ካርቶኑ ወደ እህቷ ሱቅ ሄደ።

በአምስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ ታላቅ እህቷ ያንኑ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ገና በሩ ላይ ሳለች መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ አደረገች፤ ወዲያው አየቻቸውና አወረደችው። ካርቶኑን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠች።

«እትዬ፣ ሻይ ላምጣልዎት?» አለ መምህሩ።

«ተው ወንድሜ፣ አልቆይም።» ጣቶቿን አቆላልፋ ታናሽ እህቷን ሳይሆን ካርቶኑን እያየች ተናገረች። «እህቴ፣ ከሌላ ከምትሰሚው ከእኔ ይሻላል። ሠላሳ አንዱን መልሰውልኛል። አንዷ ታክሲ ውስጥ መስኮት ክፈቱ ተብሎ ተሰድባ መጣች። አንዷ ራስ ምታቱ ሁለት ቀን አልተወኝም አለች። እኔም ብሆን ክዳኑን ከፍቼ ሳልጨርስ ዓይኔ እንባ ሞላ። አፍንጫ ሲመታ ዓይን ያለቅሳል ይሉ የለ? ሽቶሽ አይደለም ይሄ። ይሄ… በምን ልንገርሽ? ኮክ ጭኖ የተገለበጠ መኪና ነው።»

ሚስቱ እጇን ወደ ካርቶኑ ሰደደች። አንድ ብልቃጥ አንሥታ ከፈተች፣ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች፣ ዘጋች። ከዚያ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች። «አንተ ግን ልጣጩ፣ ጭማቂው፣ ፍሬው ብለህ ጽፈሃል።»

ማስታወሻው መደርደሪያው ላይ ነበር። አወረደችው፣ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች፣ ወደ ኋላ ሄዳ የመጀመሪያውን ገለጠች። ጣቷን በአንዱ ገጽ ላይ አድርጋ ሌላውን አነበበች። ጠጉራም። በክርን ሲወርድ። ተመጥምጦ የተጣለ። ሁለቱ ገጾች በነጠላ ሰረዝ እንኳ አይለያዩም። እሱ አንገቱን ደፍቶ ጣቷ ከመስመር መስመር ሲወርድ ያያል። ሰማይ ተገልብጦ ቢወድቅበት በወደደ።

«አልሸተተኝም ነበር» አለ። «ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየጠፋ ሄደ። በየቀኑ ስለተቀባሁት… ልለማመድ ብዬ ነው። በኋላ ጭራሽ ጠፋ። ፈራሁ።»

«በየቀኑ?» አለች ሚስቱ።

«በየቀኑ።»

እህትየዋ ተነሥታ ቦርሳዋን አነገተች። የእህቷን ትከሻ ዳበስ አድርጋ ወጣች። ሚስቱ ብትጮህበት፣ ማስታወሻውን ብትወረውርበት ኖሮ ሰውዬው እፎይ ባለ ነበር። እሷ ግን ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ከካርቶኑ አውጥታ ቆጥራ መልሳ ከተተቻቸው። «እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ» አለች። «ለምን ሰኞና ሐሙስ እንዳልኩህ መንገር ነበረብኝ።» የክፍሏን በር ዘጋችው። ቁልፉን እንኳ አላዞረችውም።

መምህሩ ገላውን ፈትጎ ታጠበ። ልብሱን ሁሉ አጠበ። አራት ቀን ምንም ሳይቀባ ዋለ። በአምስተኛው ቀን ከሥራ መጥቶ የቤቱን በር ሲከፍት ኮኩ ፊቱን መታው። በመጋረጃው፣ በፎጣው፣ በትራሱ ውስጥ አለ። ይህን ተሸክሞ ነው አርባ ልጆች መሐል ሲመላለስ የከረመው። ወዲያው ደግሞ ሌላ ሐሳብ መጣለትና ጫማውን ሳያወልቅ ወደ ወጥ ቤት ሮጠ።

«ተመለሰልኝ» አላት፤ «ይሸተኛል፣ ሁሉም ይሸተኛል።»

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ለማን ምን እንደተናገረ የገባው ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው። ሚስቱ ያጠበችውን ሳህን መደርደሪያው ላይ አስቀመጠች።

«እንኳን ደስ ያለህ» አለችው። ከልቧ ነበር፤ የባሰው ይኸው ነው።

እሱ ግን አንዴ ገብቶበታል፤ ተንተባተበ እንጂ አላቆመም። ገና ዝናቡ ሁለት ወር ይቀረዋል፣ እንደገና እንጀምር፣ ከትንሽ ጠብታ፣ አንድ ቀን ቀብቼ ሦስት ቀን አርፋለሁ፣ አንድም ሳልጨምር አንድም ሳልቀንስ የሸተተኝን ብቻ እጽፋለሁ አላት። እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«ትችላለህ፣ አምንሃለሁ» አለች። «ግን ቀን ይመጣል፤ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ ታየኛለህ። ያኔ ምን እንደምትጽፍ እኔ በምን አውቃለሁ? ሌላ ሰው የተነገረውን በዓይኑ ያያል፣ ይዳስሳል። እኔ ከቃልህ ሌላ ምን አለኝ?»

ልክ ናት። ደንበኞቹ ኮኩን ጠይቀው ጠይቀው ተዉ። የሽቶ ክፍሏ በር ተዘግቶ ከረመ፤ ሚስቱ ራሷን እንደምታውቅ ተናግራ ነበር፤ እንዳለችውም ሆነ።

ሳሙና ቶሎ ቶሎ ማለቁን ያስተዋለው ያን ሰሞን ነው። መጀመሪያ ጠዋትና ማታ ትታጠብ ነበር፤ በኋላ ቀትር ላይም ጀመረች። ከሰው ጋር ስትቀመጥ ወንበሯን ሸሸት ታደርጋለች። እንግዳ ሲመጣ ሸሚዝ ቀይራ ነው የምትወጣው። አንድ ጠዋት እሱ ሻይ ሲጠጣ መጥታ ከፊቱ ቆመች። የሸሚዟን የላይኛውን ቁልፍ ፈትታ አንገቷን ዘንበል አደረገች።

«እኔስ? ምን ምን እላለሁ?»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እንዴት ማለት?»

«አላውቅማ። ላብ ላብ ልበል፣ ሽንኩርት ሽንኩርት ልበል፣ አላውቅም። ሰው ራሱን ሲያሸት እኮ አይታወቀውም እንጂ ቀኑን ሙሉ አብሮት ነው። እኔ ከራሴ ጋር ከሆንኩ ስምንት ወሬ ነው። ስትዋሸኝ ግን አውቃለሁ፤ እንዳትሞክረው።»

ተነሣና አንገቷ ሥር ጎንበስ ብሎ ሳበ። ወዲያው አወቃት። ዓይኑ ተሸፍኖ ሺህ ሰው መሐል ቢያስቀምጡት በዚህ ሽታ ይለያታል፤ ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቡ የተኛ ሽታ ነው። ስም ግን የለውም። ፖም ምላሱ ላይ መጣ፤ በለስ መጣ፤ ትኩስ ዳቦ መጣ። ሁሉም ውሸት ናቸው። ዋጣቸው።

«ምን እንደሚባል አላውቅም» አላት።

«መጥፎ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ?»

«የአንቺ ነው። ድሮም ይኸው ነበር።»

«አሁንም አለ?»

«አለ።»

ትከሻዋ ወረደ። እንባዋ አገጯ ላይ እስኪደርስ አልጠረገችውም። «በቃ እሱን ንገረኝ» አለች። «ሌላ አልጠይቅህም። ጠዋት ጠዋት አለ ወይም የለም በለኝ። ካልሸተተህ ደግሞ አልሸተተኝም በለኝ።» ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብሎ ማለላት። ያን ቀን የታጠበችው አንዴ ብቻ ነበር።

እንዲህ እያሉ አንድ ወር ሆናቸው። ጠዋት ቁልፏን ትፈታለች፣ እሱ ጎንበስ ይላል፣ «አለ» ይላታል፣ ቁልፏን ትቆልፋለች፣ እሱ ወደ ክረምት ማጠናከሪያ ትምህርቱ፣ እሷ ወደ ወጥ ቤቷ። ሽቶ አልተመለሰም፤ ማሽተትም አልተመለሰም። ወንበሯን ከሰው ማራቁን ግን ተወች። አንድ ቀን እንዲያውም እህቷ ሱቅ ሄዳ ግማሽ ቀን ስታግዝ ዋለች፤ ሰውዬው ይህን ሲሰማ የቤት ሥራ ሳይሰጥ ተማሪዎቹን ለቀቃቸው።

ዝናቡ በበረታበት ሳምንት ክፍሉ በሙሉ ሲያስነጥስ ሰነበተ፤ ይህኛው እውነተኛ ጉንፋን ነበር። ዓርብ ጠዋት መምህሩ ሲነቃ አፍንጫው በጥጥ የተጠቀጠቀ ያህል ተደፍኗል። ሚስቱ ሳትነሣ ሹልክ ብሎ ወጥ ቤት ገባ። ሎሚ ቆርጦ አሸተተ፤ የለም። ሳሙና አሸተተ፤ የለም። ውኃ አፍልቶ ፎጣ ተከናንቦ በእንፋሎቱ ላይ ተደፋ። የእሷም እንዲህ ነበር የጀመረው። ይህን ላለማሰብ እስከ መቶ ቆጠረ፤ ከመቶ ወደ ኋላ ደግሞ ቆጠረ። ምንም አልተከፈተም።

ፎጣውን ሲያነሣ ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች። ቁልፏን ፈትታለች። አንገቷን ዘንበል አድርጋ እንደ ወትሮው ትጠብቃለች።

ጎንበስ አለ። የቻለውን ያህል ሳበ፤ ቀጭን ፉጨት ብቻ ገባ። ምሏል። አልሸተተኝም ቢላት መሐላውን ጠበቀ፤ ግን ያቺ ቃል በዚህች ሴት ጆሮ ስትገባ ምን እንደምትሆን ያውቃል። አለ ቢላት ደግሞ ያው የኮራጁ ገጽ ነው። ሁለቱም መልሶች ስሕተት የሆኑበት ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቶ አያውቅም። አንገቷ ላይ የደም ሥሯ ሲመታ ያያል። ሙቀቷ ጉንጩን ይነካዋል። ሽታዋ እዚያው፣ ከአፍንጫው አንድ ስንዝር በማይሞላ ርቀት ላይ፣ አለ፤ መኖር አለበት።

«አለ» አላት።

ድምፁ በአፍንጫው ታፍኖ ወጣ። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው፤ ፎጣውን አየች፤ የተቆረጠውን ሎሚ አየች። አልተቆጣችም። ቁልፏን ቆለፈች፤ ከዚያ ከቆለፈችው ዘመን የሆነውን የአንገቱን ቁልፍ፣ እሱንም ቆለፈች።

«ሻይህ እንዳይበርድብህ» አለችውና ወጣች።

ተቀመጠ። ብርጭቆውን በሁለት እጁ ያዘ። ትንሽ ቆይቶ ከመታጠቢያ ቤቱ የውኃ ድምፅ መጣ። እስኪቆም ጠበቀ። የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ደርሶ፣ ደብተሮቹን ሰብስቦ፣ ጃንጥላውን ይዞ ሲወጣም ውኃው አልቆመም ነበር።